የጋራዣችንን በር ለሠራልን ባለሙያ ምስጋና፣ የበር ቁመት ለምትመርጡ ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው የምትኖሩ፣ የጋራዥ በር ለማስቀየር ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ። የኛን በር የሠራልንን ወንድም በአደባባይ ማመስገን እፈልጋለሁ። ልንገዛ የተነሳንበትን ትልቅ በር «አይጠቅማችሁም፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ» ብሎ አስትቶን፣ በትንሽ ዋጋ የሚበቃንን የሠራልን ሰው ነው።

ቤታችን የቆየ ነው። የጋራዡ በር ከእንጨት የተሠራ ስለነበር የታችኛው ክፍሉ በዝናብና በበረዶ በስብሷል። ባለቤቴ ደግሞ ለሥራው ቫን ሊገዛ አስቧል። የፈለገው ፎርድ ትራንዚት፣ ያውም መካከለኛ ጣሪያ ያለውን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ዕቃ ሲያወጣና ሲያወርድ ወገቡን እንዳያጎብጠው። ስለዚህ «በሩ መቀየሩ ካልቀረ ከ7 ጫማ ወደ 8 ጫማ እናሳድገው» ተባባልን። በመጀመሪያ የደወልንለት ድርጅት ቤቱን ሳያይ፣ በስልክ ብቻ፣ «8 ጫማ ችግር የለውም፣ ቅድሚያውን ክፈሉና እናዝዛለን» አለን። ልባችን አላመነውም። ከዚያ ነው ቤተ ክርስቲያን የምናውቃት እህት ይህን ባለሙያ የጠቆመችን።

መጥቶ ገና በሩን ሳያይ «እዚህ የሚገባው የትኛው መኪና ነው? አሁን ያለው ነው ወይስ ወደፊት የሚገዛው?» ብሎ ጠየቀ። ባለቤቴ ስለ ቫኑ ነገረው። ስልኩን አውጥቶ የመኪናውን ቁመት አሳየን። ዝቅተኛ ጣሪያ ያለው ትራንዚት ከ82 እስከ 84 ኢንች ገደማ ነው። መካከለኛው 100 ኢንች አካባቢ ይደርሳል። ረጅሙ ከ107 ኢንች ያልፋል። የ8 ጫማ በር ደግሞ 96 ኢንች ነው። ባለቤቴ የፈለገው ቫን ያ ሁሉ ወጪ ወጥቶበትም በ8 ጫማው በር አይገባም ነበር!

«በሩ ሲከፈት ደግሞ 96ቱን ኢንች በሙሉ አታገኘውም» አለው። በሩ ወደ ጣሪያ ሲሄድ የታችኛው ጠርዙ ጥቂት ኢንች ተንጠልጥሎ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ 84 ኢንች የሆነ መኪና በ7 ጫማ በር ይገባል ብሎ ማሰብ አይቻልም። መተንፈሻ ያስፈልገዋል።

«እንግዲያው 9 ጫማ ብናደርገውስ?» አለ ባለቤቴ። መሰላሉን አቆመና ከወለሉ እስከ ጣሪያው ለካ። በግራ ለካ፣ መሃል ላይ ለካ፣ በቀኝም ለካ። ውሃ ወደ ውጭ እንዲፈስ የጋራዥ ወለል ዘቅዘቅ ብሎ ስለሚሠራ፣ ጣሪያውም ስለማይስተካከል፣ ትንሹን ልኬት ነው የሚይዘው። 8 ጫማ ከ9 ኢንች ሆነ። የ9 ጫማ በር ከጣሪያችን በላይ ነው ማለት ነው።

ያላወቅነው ሌላም ነገር ነበር። በሩ ተከፍቶ በሐዲዱ ላይ ታጥፎ የሚገባው ከበሩ አናት እስከ ጣሪያው ባለው ክፍተት ውስጥ ነው። በተለመደው አሠራር ወደ 12 ኢንች ክፍተት ይፈልጋል፤ ሞተር ካለው ደግሞ ጥቂት ይጨመራል። ክፍተቱ ካነሰ ለዝቅተኛ ጣሪያ የተሠራ ልዩ ሐዲድ አለ፣ ግን ዋጋው ይጨምራል። በኛ ቤት 8 ጫማ ቢሆን የሚተርፈው 9 ኢንች ብቻ ነው። ጥግ ላይ የሚያልፈውን የውሃ ቧንቧ ደግሞ በእጁ መታ መታ እያደረገ «ሐዲዱ እዚህ ጋ ይገጥመዋል» አለ። እኛ እዚያ ቤት ስንኖር ቧንቧውን ልብ ብለነው አናውቅም።

ከሁሉም የከበደው ከበሩ አናት ያለው አግዳሚ ነው። ከጋራዡ በላይ መኝታ ቤት አለን። ያን ክብደት የተሸከመው እሱ ነው። በሩን ከፍ ለማድረግ አግዳሚውን ቆርጦ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ለዚህ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ፈቃድ መውጣት አለበት። «እኔ የምሠራው በር ነው። ይሄ የሌላ ሙያ ነው፣ ላይሰንስ ያለው ኮንትራክተር ያስፈልጋችኋል» አለን። የማያውቀውን አውቃለሁ አላለም። እኔ እንዲህ ዓይነት ሰው አከብራለሁ።

ደጃችን ወደ ጋራዡ ቁልቁል ነው። ረጅም መኪና ቁልቁለት ሲገባ ፊቱ ከወለሉ ሲስተካከል ኋላው ገና ከፍ ብሎ ይቀራል፤ ያኔ ጣሪያው የበሩን አናት ሊነካ ይችላል። እሱንም ወጥቶ አየልን። ተዳፋት ደጅ ያላችሁ፣ የመኪናውን ቁመት ብቻ አትመኑ።

መጨረሻ ላይ «7 ጫማውን ያዙ። አሁን ለምትነዱት ቶዮታ ሲየና ይተርፋል። ቫኑን ከገዛችሁ ደጅ አቁሙት» አለ። እውነቱን ነው። ሲየናችን 70 ኢንች አይሞላም። የመኪናውን የኋላ በር ጋራዡ ውስጥ አስከፍቶ፣ የጋራዡ በር ተከፍቶ ከሚያርፍበት ቦታና ከሞተሩ ጋር እንዳይጋጭ ሳይቀር ለካ። (የሠፈር ማኅበር፣ ኤች ኦ ኤ ያለባችሁ ግን የሥራ መኪና ደጅ ማቆም መፈቀዱን ቀድማችሁ ጠይቁ።)

7 ጫማ ለሁሉም ይበቃል ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ክላርክስበርግ አዲስ ቤት የገባው የባለቤቴ ዘመድ ሰበርባን የሚባለውን ትልቁን ሸቭሮሌት ነው የሚነዳው። መኪናው ብቻውን 76 ኢንች ገደማ ነው። ፖርቶመጋላው ላይ የዕቃ ሣጥን ሲጫንበት ከ90 ኢንች ያልፋል። ለእሱ ይኸው ባለሙያ 8 ጫማ ነው የመከረው፤ ጣሪያውም አይቸግርም ነበር። እዚያ ቤት የበሩ ቀዳዳ ከመጀመሪያውም 8 ጫማ ሆኖ ተሠርቷል። ሞተሩን ሲያስገጥሙ ግን ለ7 ጫማ የተዘጋጀው ዘንግ አጭር ስለሚሆን ማራዘሚያ ይፈልጋል፤ እሱንም ሳይጠየቅ ይዞ ሄዷል። ቤት እየሠራችሁ ወይም እየገዛችሁ ከሆነና ምርጫው ካላችሁ 8 ጫማውን ውሰዱ እላለሁ። በኋላ ማሳደግ ነው ኪስ የሚያራቁተው።

ወደ ሥራው ልምጣ። አዲሱ በር ውስጡ ስፖንጅ ያለው ብረት ነው። ከመግጠሙ በፊት በሩን በሚዛን መዘነው። ገርሞኝ ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ከበሩ በላይ ያለው ሞላ የሚመረጠው በበሩ ክብደትና ቁመት ነው። ልክ ካልሆነ ሸክሙ ሞተሩ ላይ ይወድቃል፣ ቶሎ ያቃጥለዋል። ሲጨርስ ቀዩን ገመድ ስቦ ሞተሩን ካላቀቀ በኋላ በሩን እስከ መሃል ድረስ በአንድ እጁ አንስቶ ለቀቀው። በሩ እዚያው ቆመ። ወደ ታችም ወደ ላይም አልሄደም። «በየጊዜው እንዲህ ሞክሩት፤ ከወደቀ ደውሉልኝ፣ ሞላውን ግን በፍጹም እንዳትነኩት» ብሎ ባለቤቴን አስጠነቀቀው። ተጠምዝዞ የታመቀ ሞላ ቢፈታ እጅ የሚሰብር፣ ከዚያም የከፋ ጉዳት የሚያደርስ ነገር ነው። ዩቲዩብ አይቶ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

አሮጌው ሞተራችን ደግሞ ከበሩ ግርጌ በግራና በቀኝ የሚገጠሙት ዓይኖች (ሴንሰሮች) አልነበሩትም። ከ1993 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የሚመረቱ ሞተሮች ሰው ወይም ዕቃ ከሥር ካለ በሩን የሚመልስ መከላከያ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳል። የኛ ከዚያ በፊት የተሠራ ነበር። ልጆቼ በዚያ በር ሥር ስንት ጊዜ እየሮጡ እንዳለፉ ሳስብ ዛሬም ልቤ ይደነግጣል። አዲሶቹን ዓይኖች ከወለሉ ከ6 ኢንች ሳያሳልፍ ገጠመና፣ በሩ እየወረደ ካርቶን አስገብቶ ተመልሶ ሲወጣ አሳየን። ለልጆቹም ደጋግሞ አሳያቸው። ለዚህ ብቻ እንኳ ውለታው አለብኝ።

ክፍያውም ግልጽ ነው። በሜሪላንድ የቤት እድሳት የሚሠራ ሰው የኤም ኤች አይ ሲ (የሜሪላንድ የቤት እድሳት ኮሚሽን) ላይሰንስ ሊኖረው ይገባል፤ ቅድሚያ ክፍያም ከጠቅላላው ዋጋ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። እሱ የላይሰንሱን ቁጥር ሳንጠይቀው አሳየን፣ ውሉን በጽሑፍ ሰጠን፣ ቀሪውን ሥራው አልቆ ካየነው በኋላ ነው የተቀበለው። አሮጌውን በርም ጭኖ ወሰደልን፣ ጋራዡንም ጠርጎ ሄደ። አማቴ ቡና ካልጠጣህ አትሄድም ብለው ስላስቀመጡት ነው እንጂ ሌላ ቀጠሮም ነበረበት።

ስሙንና ስልኩን እዚህ እንዳላወጣ ስለጠየቀኝ፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ይሠራል፣ እሑድ አይሠራም። ስትደውሉለት የመኪናችሁን ዓይነትና ከጋራዡ በላይ ክፍል መኖር አለመኖሩን ንገሩት። ቢቻል የበሩን ፎቶ ከውስጥም ከውጭም ላኩለት።

ወንድማችን፣ ይህን ካነበብከው፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እጅህ ይባረክ።