ጅማ ውስጥ የበሶብላ ዘር ለምትፈልጉ፦ ምስጋናና ጥቆማ

በሂርማታ ሐሙስ ገበያ፣ ከቅመም ተራው ጠርዝ ላይ የበሶብላ ዘርና ችግኝ ይዘው የሚቀመጡትን፣ ደንበኛው ሁሉ «አዴ» የሚላቸውን እናት በአደባባይ ለማመስገን ነው የጻፍነው። ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈለጉ አልጻፍነውም። በጓሯችን በሶብላ የምናለማ ጎረቤታሞች ዘር የምንወስደው ከእሳቸው ነው።

ብዙ ሰው ከቅመም ተራ የገዛውን ደረቅ በሶብላ አራግፎ ይዘራና «አልበቅል አለኝ» ይላል። ባይበቅል አይገርምም። ለበርበሬና ለሽሮ የሚሆነው በሶብላ የሚቆረጠው አበባው እንደሞላ፣ መዓዛው በበረታበት ሰዓት ነው፤ ያኔ ፍሬው ገና አልጠነከረም። ለዘር የሚሆነው ግን ከዚያ በኋላ ከአንድ ወር በላይ ተክሉ ላይ መቆየት አለበት። እስከዚያ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ሽታው ይደክማል፣ ለድስት እምብዛም አይረባም። እናም ዘር የሚያወጣ ሰው የዚያን ተክል ቅመም መተው ግድ ይሆንበታል። አብዛኛው ሰው ጥሩውን ለቅመም ቆርጦ የተረፈውን ደካማ ለዘር ይተዋል፤ እንዲህ ሲደረግ ዝርያው ከዓመት ዓመት እየወረደ ይሄዳል። አዴ የሚሠሩት ተገላቢጦሹን ነው። ማበብ ሲጀምር እየዞሩ መዓዛው ጠንካራ የሆነውን፣ ግንዱና ዘለላው ወይን ጠጅ የሚነካውን፣ ሳይቸኩል ያበበውን መርጠው ቀይ ክር ያስሩበታል። ክር የታሰረበትን ማጭድ አይነካውም። ዘር ከሃያ ተክል ባነሰ አይሰበስቡም፤ ከሁለት ሦስት ተክል ብቻ የሚወሰድ ዘር ውስጡ ያለውን ልዩ ልዩ ባሕርይ ያጣልና።

ለፒዛና ለሰላጣ የሚተከለው ሰፊ ቅጠል የፈረንጅ በሶብላ አጠገብ ካለ ንብ ታዳቅላቸዋለች። ችግሩ በዚያው ዓመት አይታይም፤ በሚቀጥለው ዓመት የተዘራው ቅጠሉ ሰፍቶ ሽታው ለስልሶ ይመጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የፈረንጁን አበባ ሳይፈነዳ መቅጠፍ። የሚፈለገው ቅጠሉ ስለሆነ እንዲያውም ይጠቅመዋል። አዴ ይህን ለጎረቤቶቻቸው በየቤቱ ዞረው ያስረዳሉ።

ወቅትን በተመለከተ ምክራቸው ለጅማ ሰማይ የተለካ ነው። ለቅመም ብቻ ከሆነ በመጋቢት ዝናብ መዝራት ይቻላል። ለዘር ከሆነ ግን ያ ፍሬ የሚደርሰው በነሐሴ ዶፍ ውስጥ ስለሚሆን ዘለላው ላይ ይሻግታል። ግንቦት መጨረሻ መደብ ላይ ዘርቶ ሐምሌ ላይ ያዛወረ፣ መስከረም ላይ አበባ፣ ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ላይ በደረቅ አየር ዘር ያገኛል።

አዘራሩ እንዲህ ነው። ቀዩ አፈራችን ውሃ ስለሚይዝ መደቡ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። የበሶብላ ዘር ደቃቅ ነው፤ አንድ ግራም ከ500 በላይ ፍሬ አለው። ስለዚህ ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅሎ በመስመር መበተንና ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ አፈር ማልበስ ነው፤ በጥልቀት የተቀበረ አይወጣም። ሣር ይጎዘጎዝበታል፤ ከአምስት እስከ አሥር ቀን ውስጥ ብቅ ሲል ጉዝጓዙ ወዲያው ይነሳ። ተጨናንቆ የበቀለና ማታ ማታ ውሃ የሚጠጣ ችግኝ አንገቱ ቀጥኖ ይወድቃል፤ ጠዋት ማጠጣትና ማሳሳት ያድነዋል። አራት ወይም ስድስት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ በተክል መካከል 30፣ በመስመር መካከል 40 ሴንቲ ሜትር ተትቶ ይዛወራል። ቡና ወይም ማንጎ ሥር አይሆንም፤ ፀሐይ ይፈልጋል።

የአዴ ሙያ በደንብ የሚታየው አሰባሰቡ ላይ ነው። ዘለላው ከታች ወደ ላይ ነው የሚደርሰው፤ ሁለት ሦስተኛው ቡናማ ሲሆን ጫፉ አረንጓዴ ቢሆንም ይቆርጡታል። ሁሉም እስኪደርቅ የጠበቀ የታችኛውን ለመሬት ያስረክባል። ጤዛው ከረገፈ በኋላ ቆርጠው ወረቀት ላይ፣ ጥላ ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ያሰጣሉ፤ ፀሐይ የመታው ላሜራ ላይ የተሰጣ ዘር ይሞታል። ከዚያ በመዳፍ አሽተው፣ በወንፊት ነፍተው፣ ሰፌድ ላይ ቀስ ብለው ያነፍሱታል። እያንዳንዷ ሽፋን ውስጥ እስከ አራት ጥቁር ፍሬ አለ። ውሃ ውስጥ ነክሮ ተንሳፋፊውን መለየት እዚህ አይሠራም፤ ዘሩ ውሃ እንደነካው እንደ ተልባ ይዝለገለጋል፣ ተጣብቆም ይበላሻል።

ገበያ ላይ አንዳንድ ሻጮች ዘሩን ውሃ ላይ ጣል አድርገው «አያችሁ አበጠ፣ ሕያው ነው» ይላሉ። አትመኑ፤ የሞተም ያብጣል። የሚያብጠው ልባሱ እንጂ ጽንሱ አይደለም። እውነተኛው ፈተና ሃምሳ ፍሬ እርጥብ ጨርቅ ላይ አድርጎ፣ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጦ በአሥረኛው ቀን ሥር ያወጣውን መቁጠር ነው። አዴ ይህን ፈትነው ቁጥሩን ከዓመተ ምሕረቱ ጋር ብልቃጡ ላይ ይጽፉታል። ካርድ ላይ ታትሞ ያየነው አይደለም፣ በእስክሪብቶ የተጻፈ ነው፤ ግን ልክ ነው።

ብልቃጣቸው ውስጥ በጨርቅ የተቋጠረ፣ ተቆልቶ የቀዘቀዘ ሩዝ አለ፤ እርጥበት ይስብላቸዋል። ፍሪጅ የምታስገቡ ብልቃጡ ከወጣ በኋላ ሙቀቱ እስኪስተካከል አትክፈቱት፤ አለበለዚያ ዘሩ ያልበዋል። በአግባቡ ደርቆ ከታሸገ ጥቂት ዓመታት ይቆያል።

በአንድ ወገኑ ጠውልጎ ግንዱ ላይ ቡናማ መስመር ካወጣ፣ ወይም ቅጠሉ ከላይ ቢጫ ሆኖ ከሥሩ ግራጫ ብናኝ ከያዘ ተክል ዘር አይወሰድም። ሁለቱም በሽታ ከዘር ጋር ይሄዳል። ነቅሎ ማቃጠል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የምንለው ተቋም ዘር በቀዝቃዛ ክፍል ያቆያል፤ ተቋሙን ለዓመታት የመሩት ዶ/ር መላኩ ወረደ ደግሞ የገበሬው ዘር በገበሬው ማሳ ላይም መጠበቅ አለበት ብለው ብዙ ሠርተዋል። የጓሮ ቅመሙን ግን፣ በእኛ እይታ፣ በዋናነት ይዘው ያቆዩት እንደ አዴ ያሉ ሴቶች ናቸው። ለዚህ ነው ዋጋቸው ከቅመም ተራው ቁንጥር ቢበልጥም የማንከራከረው።

ለምትሄዱ፦ ሐሙስ ከረፋዱ በፊት ድረሱ፤ ከሰዓት በኋላ ቅመም ሽያጭ ስለሚበዛባቸው ስለ ዘር የሚያወሩበት ጊዜ የላቸውም። ኮሰረት ከፈለጋችሁ ዘር አትጠይቁ፤ የሚሰጡት ለተከላ የሚሆን ቁራጭ ነው፣ እርጥብ ጨርቅ ይዛችሁ ሂዱ። የበሶብላ ዘር ትዕዛዝ ግን ከሚያዝያ በፊት ንገሯቸው፤ ግንቦት ላይ ያለቀባቸው ጊዜ አለ፣ የሌላ ሰው ዘር ደባልቀውም አይሸጡላችሁም።