8 በ42 ወይስ 10 በ42? ለወሎ ተራሮች የሚሆን የርቀት መነጽር ግምገማ

ደሴ ላይ የርቀት መነጽር ሊገዛ የሚነሳ ሰው ሱቅ እንደገባ የሚጠይቀው «ስንት ጊዜ ያቀርባል?» ብሎ ነው። ሻጩም ደንበኛው መስማት የሚፈልገውን ስለሚያውቅ፣ ካርቶኑ ላይ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበትን ከመደርደሪያው ያወርድለታል። ደጋና ቆላው ፊት ለፊት ተዘርግቶ በሚታይበት በወሎ ምድር ጥያቄው መነሳቱ አያስገርምም። ሆኖም በእጅ ተይዞ ለሚታይበት መነጽር ከማቅረቡ መጠን ይልቅ የመስታወቱ ጥራት፣ የእይታው ስፋትና ወደ ዓይን የሚያደርሰው ብርሃን ይበልጣሉ የሚል አቋም አለኝ። እዚህ የምገመግመው የኒኮንን ሞናርክ ኤም 5 ባለ 8 በ42 ሲሆን፣ ማነጻጸሪያዎቼ የዚያው ሞዴል ባለ 10 በ42፣ አልፎ አልፎ በሰው እጅ የሚገኘው አሮጌው የሶቪየት 8 በ30 እና በገበያ ላይ የሚታየው ርካሹ ባለ ዙም መነጽር ናቸው።

በመነጽር ላይ የሚጻፉት ሁለት ቁጥሮች ቀላል ናቸው። 8 ማለት ነገሩ ስምንት ጊዜ ቀርቦ ይታያል ማለት ነው፤ 800 ሜትር ላይ የምትግጥ ላም 100 ሜትር ላይ እንዳለች ሆና ትታያለች። 42 ደግሞ የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊሜትር ነው። ብዙ ገዢ ሳያስተውለው የሚያልፈው ሁለቱ ሲካፈሉ የሚገኘውን ቁጥር ነው። 42 ለ8 ሲካፈል 5.25 ይሆናል፤ ይህም ከዓይን ሌንሱ የሚወጣው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። መነጽሩን እጁን ዘርግቶ ወደ ሰማይ የያዘ ሰው ይህችን ክብ ሌንሱ መሐል ተቀምጣ ያያታል። የሰው ዓይን ብሌን በጠራራ ፀሐይ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ድረስ ይጠብባል፤ በጨለማ ግን የወጣት ሰው ብሌን እስከ 7 ሚሊሜትር ሊሰፋ ይችላል፣ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ስፋቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ የብርሃን ክቡ 2.5 ብቻ የሆነው ኪስ የሚገባው 10 በ25 በብሩህነት ከትልቁ ብዙም አያንስም፤ ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው ብርሃን ሲያንስ ነው። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር በመቀመጧ የከሰዓት በኋላ ፀሐይ ቶሎ ትሰወርባታለች፤ አራዊትም ሆኑ አዕዋፍ ይበልጡን የሚንቀሳቀሱት ደግሞ ጀምበር ስታዘቀዝቅና ጎሕ ሲቀድ ነው። በዚያ ሰዓት ባለ 8 በ42ው የቁጥቋጦውን ቅጠል ከጥላው ለይቶ ሲያሳይ፣ የብርሃን ክቡ 4.2 የሆነው ባለ 10 በ42 ጥቂት ቀደም ብሎ ይደበዝዛል፣ ትንሹ 10 በ25 ግን ጨርሶ ጥቁር ነገር ብቻ ያሳያል።

ሁለተኛው ጉዳይ እጅ ነው። መነጽር ተራራውን ሲያቀርብ የእጅን መንቀጥቀጥም በዚያው ልክ ያጎላዋል። ቁጭ ብሎ ክርኑን ጉልበቱ ላይ ያስደገፈ ሰው በባለ 10ም ደህና አድርጎ ያያል፤ አቀበት ወጥቶ ትንፋሹ ገና ያልረጋ ሰው ግን በባለ 10 የሚያየው ነገር ሲዘል ነው። የእይታ ስፋትም አብሮ ይጠባል። ኤም 5 ባለ 8ቱ 6.4 ዲግሪ ያሳያል፤ በ1,000 ሜትር ርቀት 112 ሜትር ያህል የመሬት ስፋት ማለት ነው። ባለ 10ሩ 5.6 ዲግሪ፣ ማለትም 98 ሜትር ያህል ነው። አሥራ አራት ሜትር በወረቀት ላይ ኢምንት ይመስላል፤ በአዝዋ ገደል ላይ የሚያንዣብብ አሞራ በባዶ ዓይን ታይቶ መነጽሩ ወደ ዓይን እስኪነሳ ድረስ ቦታውን ሲቀይር ግን ያገኘውንና ያጣውን ሰው የሚለየው እርሱ ነው። እውነቱን ለመናገር ኤም 5 ባለ 8ቱ ራሱ በዚህ ረገድ ቀዳሚ አይደለም። ዋጋው ዝቅ የሚለው የዚሁ ኩባንያ ፕሮስታፍ ፒ 3 ባለ 8 በ42 7.2 ዲግሪ ያሳያል፤ የሚበር ወፍ መከታተል ዋና ዓላማው የሆነና ገንዘቡ የተወሰነ ሰው እርሱን ቢመርጥ አልቃወመውም።

ከእጅም ከመስታወትም በላይ የሆነ ገደብ አለ፤ እርሱም አየሩ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው የሐረጎ ቁልቁለት ረጅም ርቀት ለማየት የሚመች ቦታ ነው። ጠዋት መሬቱ ሳይሞቅ ከዚያ ወደ ታች የተመለከተ ሰው የቆርቆሮ ጣሪያዎችን መስመር አንድ በአንድ ይለያል። ረፋድ ላይ ግን ከአስፋልቱና ከታረሰው መሬት የሚነሳው ሙቅ አየር መወዛወዝ ይጀምርና የጣሪያው ጠርዝ እንደ ፈላ ውሃ ይናጣል። በዚህ ጊዜ 20 ወይም 30 ጊዜ የሚያቀርብ መነጽር መያዝ የሚጨምረው ነገር ቢኖር የውዝወዛውን ትልቅነት ነው። ውድ ሌንስም ቢሆን የተበላሸ አየርን አያስተካክልም፤ መፍትሔው ማልዶ መውጣት፣ ወይም ከሸለቆው ግርጌ ይልቅ ከሸንተረር ወደ ሸንተረር ማየት ነው።

ገንዘቡ በእርግጥ የሚሄደው የት እንደሆነ ለመረዳት ሌንሱ ላይ የተቀባውን ቅብ ማሰብ ይጠቅማል። ያልተቀባ መስታወት በእያንዳንዱ ገጹ ላይ ከሚያርፍበት ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን መልሶ ያንጸባርቃል። በአንድ መነጽር ውስጥ ብርሃኑ አሥር ገጽ ቢያልፍ እንኳ ዓይን ጋ የሚደርሰው ሁለት ሦስተኛው ብቻ ነው፤ የቀረው ባክኖ የሚቀር ብቻ ሳይሆን ቱቦው ውስጥ እየተመላለሰ ምስሉን በነጭ ጭጋግ ይሸፍነዋል። ይህን ነጸብራቅ የሚቀንሰውን ስስ ቅብ በጀርመኑ የሌንስ አምራች በዛይስ ኩባንያ የሠራው አሌክሳንደር ስማኩላ ሲሆን፣ ዘመኑም 1935 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነበር። ዛሬ በጥሩ መነጽር ላይ ቅቡ በብዙ ንብርብር ስለሚደረግ የሚባክነው ብርሃን እጅግ ጥቂት ነው። ኤም 5 ከዚህ በተጨማሪ ቀለማትን የማይበትን ልዩ መስታወት በሌንሱ ውስጥ አለው። ጥቅሙን ለማየት ነጭ ሰማይ ከኋላው ያለውን የኤሌክትሪክ ሽቦ መመልከት ይበቃል፤ በተራ መነጽር ሽቦው በአንድ በኩል ሐምራዊ፣ በሌላው በኩል አረንጓዴ ጠርዝ ሲያወጣ፣ በኤም 5 ከመሐል አካባቢ ጥቁር ሽቦ ሆኖ ይቀራል፤ ጥቂት ቀለም የሚታየው ወደ ዳር ሲሄድ ነው። በቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ ጭላዳ ዝንጀሮን ለሚያይ ሰው ይህ ቅንጦት አይደለም፤ የወንዱን ደረት ቀይ ቆዳ ከሌንሱ ቀለም ሳይቀላቅል የሚያየው በዚህ ነው። ቀይ ቀበሮንም ከደረቀ ሣር መካከል የሚለየው ከማቅረቡ መጠን ይልቅ የቀለሙ እውነተኝነት ነው።

ስለ ርካሹ ባለ ዙም መነጽር ብዙ ማለት አያስፈልግም ነበር፣ ገበያው በእርሱ ባይሞላ ኖሮ። በአንድ ሱቅ «አብሽር፣ ኦርጅናል ነው» ተብሎ እጄ ላይ የተቀመጠው መነጽር በላዩ 90 በ80 ተጽፎበታል። ከኪሴ ማስመሪያ አውጥቼ የፊት ሌንሱን ስለካው ግን 80 ሚሊሜትር ቀርቶ ለግማሹም የሚደርስ አልነበረም። ሻጩ ማስመሪያውን አይቶ ሳቀ፤ ክፋት አልነበረውም፣ እርሱም ሲመጣለት ካርቶኑን አምኖ ነው። የዚህ ዓይነቱን መነጽር መለያው ብዙ ነው። የፊት ሌንሱ እንደ ሩቢ ቀይ ሆኖ ያንጸባርቃል፤ ቀዩን ብርሃን ወደ ውጭ የሚመልስ ሌንስ ለዓይን የሚያስቀረው አረንጓዴና ሰማያዊ ያደላበት ምስል ነው። እጅን ዘርግቶ የብርሃን ክቡን ሲያዩት ጠርዙ ተቆርጦ አራት ማዕዘን የመሰለ ከሆነም የፕሪዝሙ፣ ማለትም የተገለበጠውን ምስል የሚያቀናው የውስጥ መስታወት፣ ጥራት ዝቅተኛ ነው። የዙሙን ዘንግ ሲገፉት ምስሉ ይጨልማል፣ ይጠባል፣ ሁለቱ ዓይኖችም እኩል አያቀርቡም።

ከሁሉም የከፋው ጉድለት ሁለቱ ቱቦዎች ወደ አንድ አቅጣጫ አለማየታቸው ነው። ይህንን ለመፈተን ከሱቁ በር ወጣ ብሎ በራቀ የጣሪያ ጠርዝ ላይ ፎከስ ማድረግ፣ ዓይንን ለጥቂት ጊዜ ጨፍኖ መግለጥ ነው። በገለጡበት ቅጽበት ሁለት ጣሪያ ታይቶ ቀስ ብሎ አንድ ከሆነ፣ ዓይን እየተጎተተ ነው ያስተካከለው፤ እንዲህ ያለ መነጽር ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራስ ምታት ያመጣል። ወድቆ የተነሳ ውድ መነጽርም ተመሳሳይ ችግር ሊኖረው ስለሚችል፣ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው ይህን ፈተና ሊያልፈው አይገባም።

አሮጌው የሶቪየት 8 በ30 ግን ክብር ይገባዋል። 8.5 ዲግሪ ገደማ የሚደርሰው የእይታ ስፋቱ ከኤም 5ም ይበልጣል፤ ጤነኛው ከተገኘም መሐሉ ላይ ጥርት ያለ ምስል ይሰጣል። ለሠራዊት በተሠሩት ላይ በቀኙ ሌንስ ውስጥ የተሰመረ መለኪያ አለ። የመለኪያው አሃድ ሺህኛ ይባላል፤ አንዷ ሺህኛ በ1,000 ሜትር ርቀት አንድ ሜትር ያህል ትሸፍናለች፤ ስለዚህ 10 ሜትር ቁመት ያለው የመብራት ምሰሶ 20 ሺህኛ ከያዘ ርቀቱ 500 ሜትር አካባቢ ነው። ጉድለቱ ግን አለ። ለሠራዊት በተሠሩት ላይ ፎከሱ ለየዓይኑ ለየብቻ ስለሚስተካከል የሚንቀሳቀስ ነገር ለመከተል አይመችም፤ ዓይን ሌንሱ ላይ ሊለጠፍ ምንም ስለማይቀረው የዓይን መነጽር ያጠለቀ ሰው ግማሹን ምስል ያጣል፤ ከእርጥበት ያልተጠበቀ በመሆኑም የደሴ ክረምት ውስጡ ሻጋታ ያበቅልበታል። ኤም 5 በናይትሮጅን ተሞልቶ የታሸገ ስለሆነ፣ ከብርዳሙ ደሴ ወደ ሞቃቱ ኮምቦልቻ ሲወረድ ላብ የሚይዘው በውጭ ገጹ ብቻ ነው፤ ዓይንን እስከ 19.5 ሚሊሜትር አርቆም ሙሉ ምስል ስለሚያሳይ የዓይን መነጽር ላጠለቀ ሰው ይመቻል። 630 ግራም የሚሆነው ክብደቱ ቀኑን ሙሉ አንገት ላይ ሲውል ይሰማል፤ በሰፊ ማንገቻ መቀየሩ ይረዳል።

አንዳንድ ሰው ለዚሁ ሥራ የጠመንጃ ላይ መነጽር ይሻል እንደሆነ ይጠይቃል። አይሻልም። በአንድ ዓይን ብቻ የሚታይበት፣ እይታው ጠባብ የሆነና ምስሉን ዓይን ከራቀ በኋላ እንዲሰጥ ተደርጎ የተሠራ ዕቃ ነው፤ ጠመንጃ ላይ እንዳለ ለመቃኛ የሚጠቀምበት ሰው ደግሞ ምንነቱን ገና ባላወቀው ነገር ላይ አፈሙዝ አዞረ ማለት ነው።

ኤም 5 ከተገዛ በኋላ የቀኝ ዓይኑን ማስተካከያ ሳይነኩ መጠቀም ገንዘብን ማባከን ነው። በመጀመሪያ የቀኙን ሌንስ ሸፍኖ በግራ ዓይን ብቻ መሐለኛውን ቁልፍ እያዞሩ አንድ የራቀ ጽሑፍ ማጥራት፣ ከዚያ ግራውን ሸፍኖ መሐለኛውን ሳይነኩ በቀኙ ሌንስ ዙሪያ ያለውን ቀለበት ማዞር ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ካልተዋሰው በቀር ቀለበቱ መነካት የለበትም፤ በእኛ አገር ደግሞ መንገድ ላይ ያገኘ ሁሉ «እስቲ ልይበት ጋሼ» ስለሚል፣ ቦታውን በነጭ ነጥብ ምልክት ማድረግ ይበጃል።

በደምሳሳው ለሚራመድና ለሚወጣ ሰው ባለ 8ቱን፣ መኪና ውስጥ ወይም አንድ ቦታ ተቀምጦ ለሚያይ ሰው ባለ 10ሩን እመክራለሁ። ለሐይቅ እስጢፋኖስ ዳር ግን ሁለቱም አይበቁም። ሐይቁ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ስላለው ከመሐል የሚንሳፈፉት ዳክዬዎችና ይብራዎች በባለ 10ም ነጠብጣብ ናቸው፤ እዚያ የሚያስፈልገው ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ የሚተከል፣ ከ20 እስከ 60 የሚያቀርብ ባለ 80 ሚሊሜትር ሌንስ ነጠላ መነጽር ነው። 60 ላይ የብርሃን ክቡ 1.3 ስለሚሆን እርሱም ቢሆን የሚጠቅመው በ25 እና በ30 አካባቢ ነው። ዋጋው ለአንድ ሰው ስለሚከብድ አስጎብኚዎች ወይም የትምህርት ቤት ክበባት ተዋጥተው ቢገዙት የተሻለ ነው።

መነጽሩን ከውጭ በዘመድ በኩል ለማስመጣት ያሰበ ሰው ዕቃው ከመላኩ በፊት የጉምሩክን ደንብ ያጣራ፤ መንገደኞች በእንዲህ ያለ ዕቃ ምክንያት ኤርፖርት ላይ ሲጠየቁ ይታወቃል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ከነካ ወዲህም ኮረብታ ላይ ቆሞ በመነጽር የሚቃኝ እንግዳ ሰው ጥያቄ ማስነሳቱ የሚጠበቅ ነው። ከመውጣት በፊት ለአካባቢው ቀበሌ መናገር፣ የመንደሩን አንድ ታዋቂ ሽማግሌ ወይም ወጣት ይዞ መሄድ፣ መነጽሩንም ቀድሞ ለእነርሱ ሰጥቶ ማሳየት ብዙ ጣጣ ያስቀራል። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ያላት ከተማ በመሆኗ ከሐረጎ በኩል የሚያይ ሰው መነጽሩን ወደዚያ አቅጣጫ ባያዞር ይመረጣል።