ሸዋ በር ያለው የንባብ ማጠናከሪያ፦ 900 ብሩ ያዋጣል?

ልጄ 12ኛ ክፍል ናት። የእንግሊዝኛ ምንባብ ላይ ሁሌ ስለምትደናቀፍ እዚሁ ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ካለ ማጠናከሪያ አስገባኋት፤ በወር 900 ብር። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ወላጅም መግባት ይችላል ስለተባለ ላውንደሪዬን ለእህቴ ትቼ ኋላ ተቀመጥኩ።

መምህሩ በአማርኛ አንድ አንቀጽ አነበበልን። ነገሮችን በየወገኑ ስለመለየት፣ በአንዴ ብዙ አለማብዛት እንደሚሻል፣ ስህተት ገንዘብ እንደሚያስወጣ ይላል። ማን ይግባው? ሲጨርስ «ርዕሱ ልብስ ማጠብ ነው» አለን። እናንተዬ! አስራ አንድ ዓመት ነጩን ከቀለሙ ስለይ፣ በረኪና የበላውን ሸሚዝ ከኪሴ ስከፍል የኖርኩት እኔ! ብራንስፎርድና ጆንሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ በ1972 እ.ኤ.አ. ሞክረውት ኖሯል፤ ርዕሱ አስቀድሞ የተነገራቸው ብዙ አስታወሱ፣ ከሰሙ በኋላ የተነገራቸው ግን ጭራሽ ካልተነገራቸው አልተሻሉም።

ቀጥሎ ስለ አንድ ቤት የሚተርክ ወረቀት አደለ። ግማሻችን እንደ ሌባ፣ ግማሻችን እንደ ቤት ገዢ እንድናነብ አዘዘ። እኔ ገዢ ነበርኩ፤ የሚያፈሰው ጣሪያ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ሌባዋ ልጄ ቴሌቪዥኑንና ብስክሌቶቹን ለቅማ ወጣች። ባጃጅ ውስጥ «ጣሪያ የሚባል ነገር አልነበረውም» ብላ ተከራከረችኝ። አሁን ፈተና ስትለማመድ ምን እንደምትፈልግ እንድታውቅ ጥያቄዎቹን አስቀድማ ታነባለች። ለዚህ ብቻ ብሩ አይቆጨኝም።

የሚያናድደኝ ሦስተኛው ሳምንት ነው። ስለ ለንደን የምድር ውስጥ ባቡር የሚያወራ ምንባብ፣ ያለ አንዲት ቃል መግቢያ! የደሴ ልጅ ኮምቦልቻ የተዘረጋውን ሐዲድ ታይ ይሆናል እንጂ ባቡር ሲሄድበት የት አይታ? ከአስር ሦስት አገኘች። ሄጄ «ቲቸር፣ የልብስ አጠባው ትምህርት የት ገባ?» አልኩት። «እትዬ፣ ፈተና ላይ ማንም አያብራራላቸውም» አለኝ። ልክ ነው። ግን እኔም አዲስ ሠራተኛ ስቀጥር በመጀመሪያው ቀን የሙሽራ ቬሎ አልሰጣትም። አምስት ደቂቃ ስለ ባቡሩ ቢያወራላቸው ምን ነበረበት?

ወንበሩ ጠባብ ነው፤ ለአራት የተሠራው ላይ ስድስት ይቀመጣሉ። ሁለተኛውን ወር ከፍያለሁ። የምትመዘግቡ ካላችሁ የጠዋቱን ፈረቃ ያዙ፤ ከሰዓት ጎረቤት ያለው ወፍጮ ሲነሳ መምህሩም አይሰማ።