ማይክ አምፕ ፊት ወይስ ጊታር በቀጥታ ላፕቶፕ ላይ?

ኤሌክትሪክ ጊታር ቤት ውስጥ ለመቅዳት የድሮው መንገድ ቀላል ነው። አምፑን፣ ማለትም የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላውን ሳጥን፣ ከፍተህ ማይክ ትደቅንበታለህ። በ1965 እ.ኤ.አ. ገበያ የወጣው ሹር ኤስኤም57 ማይክ ዛሬም ለዚህ ሥራ ተወዳጅ ነው። ማይኩን የስፒከሩ መሀል ላይ ስታነጣጥረው ድምፁ ይሾላል፤ ሁለት ጣት ያህል ወደ ዳር ስታንሸራትተው ይለሰልሳል። ደስ የሚል ጨዋታ ነው።

ችግሩ ጎረቤት ነው። ቱዩብ አምፕ (በቫኩም ቱቦ የሚሠራው) የሚያምርበት ጮክ ሲል ነው፤ ኮንዶሚኒየም ደግሞ ይህን አይችልም። አንድ ማታ ስቀዳ የላይ ቤት ሰዎች ወለሉን ደበደቡት። ድብደባው ቅጂው ላይ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ያውም ከሪትም ውጪ!

ሌላው አማራጭ ጊታሩን ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኘው ትንሽ ሳጥን) ላይ ሰክቶ አምፑን በሶፍትዌር መተካት ነው። ኢንተርፌሱ ላይ "ኢንስት" (INST) የሚለውን ቁልፍ መጫን እንዳትረሳ፤ ካልተጫነ ድምፁ ይታፈናል። እንደ አምፕ የሚሠራው ሶፍትዌር ኒውራል አምፕ ሞዴለር ነፃ ነው። መቅጃውን ሪፐርን 60 ቀን በነፃ ትሞክረዋለህ። ድምፁ ከጣትህ ከዘገየ ባፈሩን (ላፕቶፑ ድምፁን በአንዴ የሚያስተናግድበትን መጠን) ወደ 128 ናሙና አውርደው፤ በሰከንድ 48 ሺህ ናሙና (48 ኪሎኸርዝ) ስትቀዳ ባፈሩ የሚጨምረው 2.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ላፕቶፑ ደከም ያለ ከሆነ ግን መንጫጫት ይጀምራል።

ለእኔ ሚዛኑን የደፋው ሌላ ነገር ነው። የሚቀዳው ጥሬው የጊታር ድምፅ ስለሆነ፣ አምፑን ነገ ብትጠላው ሳትጫወት ትቀይረዋለህ። በማይክ የቀዳኸው ግን ያው ነው።

ስለዚህ ጀማሪ ኢንተርፌሱን ይግዛ እላለሁ። የራሴን አምፕ ግን አልሸጥኩትም። ቅዳሜ የላይ ቤት ሰዎች ሲወጡ ማይኩን አወጣዋለሁ።