ሁለት ልጆቼን አንድ ላይ ይዤ እንድወጣ ላደረጉኝ የመኪና ግርግሩ ልብስ ሰፊ

ሐረር፣ በተለይ ጀጎል ውስጥ ልጅ የምታሳድጉ እናቶች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ በሚወርደው፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ቁጭ ብለው የሚሰፉ አንድ አባት አሉ። ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለፈለጉ አልጽፈውም። ለሁለቱ ልጆቼ ማዘያ ስለሰፉልኝ ግን ምስጋናዬን በአደባባይ ማድረስ አለብኝ።

ትልቁ ልጄ ሁለት ዓመት ከሦስት ወሩ ነው፤ ትንሿ አምስት ወር ሊሞላት ነው። አባታቸው የጅቡቲ መስመር ሾፌር ስለሆነ ሳምንቱን አብዛኛውን ብቻዬን ነኝ። ሰፈራችንን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የልጅ ጋሪ አይታሰብም። መንገዱ ድንጋይ ነው፣ ዳገትና ቁልቁለት ነው፣ አንዳንዱ ቦታ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ትንሿን በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቷ ለክትባት መውሰድ ነበረብኝ። ትልቁ ደግሞ ትንሽ ይራመድና መሃል መንገድ ላይ እጁን ዘርግቶ «እማዬ፣ እዘይኝ» ይላል። ምን ላድርገው?

መጀመሪያ የተሰራ ማዘያ ገዛሁ። አንድ ቀን ደረጃ ስወርድ ዘለበቱ በራሱ ተፈታ። እጄ ቀድሞ ባይይዛት ኖሮ… ዛሬም ሳስበው ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል። ጎረቤቴ ናት ያን ቀን ሳለቅስ ያገኘችኝና ወደ እሳቸው የላከችኝ።

ሄጄ ጉዳዬን ነገርኳቸው። ጨርቁን አላዩትም። «ልጆቹስ የታሉ?» አሉኝ። እናቴ ጋ ትቻቸው ነበር። «በይ ልጄ፣ ነገ ይዘሻቸው ነይ፤ ያለ እነሱ መቀስ አላነሳም» አሉ።

በማግስቱ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ትንሿን ጭኔ ላይ አስቀመጧት፤ እግሯን ከፈት አድርገው ከአንዱ ጉልበቷ እጥፋት እስከ ሌላው ለኩ። ጤና ጣቢያ ነርሷ የነገረችኝን ነገርኳቸው፦ እግሯ ቀጥ ብሎ መንጠልጠል የለበትም፣ የዳሌዋ መጋጠሚያ እንዳይጎዳ ጉልበቷ ከመቀመጫዋ ከፍ ብሎ እንደ እንቁራሪት ይታጠፍ። «ታዲያ እናቶቻችን ሲያዝሉን እግራችን ወገባቸውን አቅፎ አልነበር?» አሉኝ። መቀመጫውን ልክ ከጉልበት እስከ ጉልበት አወጡት።

ሥራቸውን ሁለት ጊዜ ሄጄ አይቻለሁ። ማንገቻው ከወገቡ ጨርቅ ጋር በሚገናኝበት ቦታ መጀመሪያ አራት ማዕዘን ይሰፋሉ፣ ቀጥሎ መሃሉን በመስቀለኛ ያቋርጡታል፣ ከዚያ እንደገና በላዩ ላይ ይሄዱበታል። የወገቡን ቀበቶ ሰፊ አድርገው ስፖንጅ ከተቱበት። «ሸክም ትከሻ ላይ ከቀረ አንገት ይሰብራል፤ ዳሌ ላይ ሲያርፍ ነው ሰው የሚራመደው» አሉኝ። ሲጨርሱ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልተው የትልቁን ማዘያ በሩ ላይ አንጠለጠሉበት። ሻይ ጠጥተን እስክንጨርስ ተንጠልጥሎ ቆየ። አውርደው ስፌቱን በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። እኔ ምንም አልታየኝም። እሳቸው ግን ፈትተው በወፍራም ክር ደገሙት። እኔ ቆሜ እንባዬ መጣ፤ ልጄን የራሳቸው ልጅ አድርገው ነው ያዩት።

አሁን ትልቁን መጀመሪያ ጀርባዬ ላይ አዝላለሁ፣ ከዚያ ትንሿን ደረቴ ላይ። ሳወርድ ትንሿ ትቀድማለች። ሁለቱም ተደምረው አሥራ ስምንት ኪሎ ይሆናሉ፤ ክብደቱ ግን ከፊትና ከኋላ ስለሚመዛዘን አንዱን በክንዴ ይዤ ሌላውን ከምጎትት በጣም ይሻላል። እናቶች፣ አንድ ነገር አደራ፦ ጨቅላው ፊቱ ሁልጊዜ ይታያችሁ፣ አገጩም ደረቱ ላይ አይደፋ፤ ትንፋሽ ይዘጋል። አንገቱ ሳይጠና ደግሞ ጀርባ ላይ አይታዘል። እኔ ምድጃ አጠገብ ስሆንም ሁለቱንም አወርዳለሁ።

የትንሿ ማዘያ ስስ የጥጥ ጨርቅ እንዲሆን የመከሩኝም እሳቸው ናቸው። ድሬዳዋ አማቴ ጋ እንደምወርድ ሰምተው ነው። እውነትም ደንገጎን ወርደን ሙቀቱ ሲቀበለን ስፖንጅ የሞላበት ቢሆን ኖሮ ልጅቷ በላብ ትጠመቅ ነበር።

ይቆያሉ፣ እውነቱን ልናገር። እኔ አሥራ ሁለት ቀን ጠብቄያለሁ፤ የቸኮለ ሰው ሊከፋው ይችላል። የስፌቱ ዋጋ ለሁለቱ 1,800 ብር ነበር፣ ጨርቁ የራሴ። ከሳምንት በኋላ የግራ ትከሻዬን ሲቆርጠኝ ተመልሼ ሄድኩ፤ ማንገቻውን ፈትተው አስፍተው ሰፉልኝ፣ ሳንቲም አልተቀበሉኝም።

ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ እጅዎ ይባረክ። መሄድ የምትፈልጉ ጠዋት ሂዱ፤ ዓርብ ከቀትር በኋላ ለሶላት ይሄዳሉ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ያለ እነሱ ይመልሷችኋል።