በሜሪላንድ ካሲኖዎች የ1 እና የ3 ዶላር የፖከር ጠረጴዛ፦ ገንዘቡ ውስን ለሆነ ተጫዋች ምን ያህል ይስማማል?

የሜሪላንድ መራጮች በካሲኖዎች ውስጥ የጠረጴዛ ጨዋታ እንዲፈቀድ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2012 በድምፃቸው ከወሰኑ ወዲህ፣ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የምንኖር ፖከር ወዳዶች ኑሯችን ቀሎልናል። ከዚያ በፊት ብዙ ሰው አንድ ምሽት በወጉ ለመጫወት እስከ አትላንቲክ ሲቲ ይነዳ ነበር። በሃኖቨር የሚገኘው ላይቭ ካሲኖ የፖከር ክፍሉን በ2013 ሲከፍት፣ በፖቶማክ ወንዝ ዳርቻ የተሠራው ኤምጂኤም ናሽናል ሃርበር ደግሞ በታኅሣሥ 2016 ሥራ ጀመረ፤ ከአሌክሳንድሪያ የሚነሳ ሰው ድልድዩን እንደተሻገረ እዚያው ነው። እዚህ የምገመግመው የሕንፃዎቹን ውበት ወይም የምግብ ቤቶቻቸውን ዝርዝር አይደለም። በእነዚህ ክፍሎች ከሚቀርቡት ጨዋታዎች ሁሉ ብዙ ሰው የሚቀመጥበትን፣ ብላይንዱ፣ ማለትም ካርታ ከመታደሉ በፊት ሁለት ተጫዋቾች በተራ የሚያስገቡት የግዴታ ገንዘብ፣ 1 እና 3 ዶላር የሆነውን ገደብ የለሽ የቴክሳስ ሆልደም ጠረጴዛ ብቻ ነው፤ እሱንም ለዚህ ጨዋታ በወር 200 ወይም 300 ዶላር ብቻ መመደብ በሚችል ሰው ዓይን።

አሠራሩ ቀላል ነው። ዕድሜው 21 የሞላው ሰው መታወቂያውን አሳይቶ ይገባል፤ በፖከር ክፍሉ መግቢያ ላይ ስሙን በተራ መጠበቂያ ዝርዝር ያስመዘግባል፤ ወንበር ሲለቀቅ ይጠራል፤ ገንዘቡን በቺፕ፣ ማለትም በገንዘብ ምትክ በሚያገለግሉ ክብ ምልክቶች፣ ለውጦ ይቀመጣል። በሆልደም እያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ብቻ ለራሱ ይይዛል፤ ሌሎች አምስት ካርታዎች በመሐል ለሁሉም በጋራ ይገለጣሉ። በዚህ ደረጃ ለመቀመጥ የሚጠየቀው ዝቅተኛ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ 100 ዶላር ገደማ ነው። የብላይንዶቹ ትንሽነት ግን ሊያታልል አይገባም፤ ገደብ የለሽ ጨዋታ እንደመሆኑ ማንኛውም ተጫዋች ፊቱ ያለውን ቺፕ ሁሉ በአንድ ቃል ወደ መሐል ሊገፋ ይችላል።

በአገልግሎቱ ጥራት ልጀምር። ካርታ አከፋፋዮቹ የሠለጠኑ፣ እጃቸው ፈጣን፣ ስሌታቸውም የተጣራ ነው፤ ሦስት ሰዎች የተለያየ መጠን ያለው ገንዘብ አስገብተው በመሐል የተሰበሰበው ገንዘብ፣ ማለትም ፖቱ፣ ሲከፋፈል እያንዳንዱን ክፍል ለይተው ሲያስቀምጡ ማየት ደስ ይላል። ክርክር ሲነሳ ፍሎር የሚባለው ተቆጣጣሪ ይጠራል፤ ሁለቱንም ወገን ሰምቶ ይወስናል፤ ውሳኔውም የመጨረሻ ነው። ይህ በየሰው ቤት ከሚደረግ የካርታ ጨዋታ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ከፍ ያለ ነገር ነው፤ ገንዘቡን ይከፍለኛል ወይስ አይከፍለኝም የሚል ስጋት የለም፤ ወዳጅነትም በካርታ ምክንያት አይበላሽም። የሜሪላንድ ሕግ ሕዝብ በሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ውስጥ ማጨስን ስለሚከለክል ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦ ልብሱ በጭስ ሳይሸት ወደ ቤት መመለስ ይቻላል፤ ሌላ ግዛት ውስጥ የተጫወተ ሰው የዚህን ጥቅም ያውቀዋል።

አዲስ ሰው አስቀድሞ ሊያውቃቸው የሚገቡ ደንቦች አሉ። ቺፕን ሁለት ጊዜ እየቆነጠሩ ወደ ፊት መግፋት አይፈቀድም፤ መጨመር የፈለገ ሰው መጠኑን በቃል ይናገራል ወይም ሁሉንም በአንድ እንቅስቃሴ ያስገባል። ምንም ሳይናገሩ አንድ ትልቅ ቺፕ መጣል መጨመር ሳይሆን የቀደመውን መጠን መከተል ተብሎ ይቆጠራል። ያሸነፉትን ቺፕ እየተጫወቱ ወደ ኪስ መክተት ክልክል ነው። ለእኛ በተለይ የሚጠቅመው ደግሞ የቋንቋው ደንብ ነው፤ ጨዋታው በሂደት ላይ እያለ በጠረጴዛው ላይ እንግሊዝኛ ብቻ መናገር በአሜሪካ የፖከር ክፍሎች የተለመደ ግዴታ ነው። ሁለት አበሾች ጎን ለጎን ተቀምጠው ካርታ እንደያዙ በአማርኛ ሰላምታ ቢለዋወጡ አከፋፋዩ ያስቆማቸዋል። ይህን እንደ ንቀት የቆጠሩ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ነገር ግን ደንቡ ሁለት ተጫዋቾች ተመካክረው ሦስተኛውን እንዳይጎዱ ለመከላከል የተደነገገ ስለሆነ ለእኛም ጥበቃ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው ልግባ፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ለዚህ አገልግሎት ምን ያህል እንደሚከፍል አያውቅም። ካሲኖው በፖከር ከተጫዋቾች ጋር አይወዳደርም፤ ትርፉ የሚመጣው ሬክ ተብሎ ከሚጠራውና ከየፖቱ ከሚቆረጠው ድርሻ ነው። በዚህ ደረጃ ባሉ ጠረጴዛዎች የተለመደው ቆረጣ 10 በመቶ ሆኖ ጣሪያው 5 ወይም 6 ዶላር ነው፤ ለጃክፖትና ለልዩ ልዩ ሽልማት ተብሎም 1 ወይም 2 ዶላር ይጨመርበታል። በሰዓት 30 እጅ ያህል ይከፋፈላል፤ አንድ እጅ ማለት ካርታ ከታደለበት ፖቱ አሸናፊ እስኪያገኝ ያለው አንድ ዙር ነው። ከእነዚህ ውስጥ ፍሎፕ፣ ማለትም በመሐል የሚገለጡት የመጀመሪያዎቹ ሦስት የጋራ ካርታዎች፣ ሳይከፈት የሚያልቁት ከቆረጣ ነጻ ስለሆኑ፣ 24ቱ ብቻ በአማካይ 5 ዶላር ቢቆረጥባቸው ከጠረጴዛው በየሰዓቱ 120 ዶላር ይወጣል። ዘጠኝ ሰዎች ሲካፈሉት ለእያንዳንዱ ከ13 ዶላር በላይ ይደርሰዋል። ፖት ባሸነፉ ቁጥር ለአከፋፋዩ የሚሰጠው የ1 ዶላር ጉርሻ ሲታከልበት የአንድ ሰው ወጪ በሰዓት ወደ 16 ዶላር ይጠጋል። አምስት ሰዓት የተቀመጠ ሰው 80 ዶላር ከፍሏል ማለት ነው፤ ይህም 100 ዶላር ይዞ ለገባ ሰው እጅግ ከባድ ነው። ገንዘቡ በቀጥታ ከኪስ ስለማይወጣ አይታወቅም እንጂ፣ መኪናው መንገድ ተዘግቶበት ቢቆምም መቁጠሩን እንደማያቆም የታክሲ ሜትር ያለማቋረጥ ይሠራል።

የዚህ ወጪ ክብደት በሁሉም ላይ እኩል አይደለም። 30 ዶላር የደረሰ ፖት 3 ዶላር ሬክና 2 ዶላር የሽልማት ቆረጣ ሲነሳለት ከስድስት አንድ እጁ ሄዷል፤ 200 ዶላር በደረሰ ፖት ላይ ግን 7 ዶላር ቢቆረጥ 3.5 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ በትንሽ ገንዘብ ትንንሽ ፖቶችን እያሳደደ የሚውል ሰው በመቶኛ ሲሰላ ከሁሉም የበለጠ ይከፍላል። ካሲኖውን ብቻ መውቀስ ግን ተገቢ አይመስለኝም፤ ከጠረጴዛ ጨዋታ ገቢው 20 በመቶውን በሕግ የሚከፍል ሲሆን፣ ከዚህም ውስጥ 15ቱ ወደ ግዛቲቱ የትምህርት ፈንድ ይገባል፤ ቀሪው 5 ለአካባቢ አስተዳደሮች ነው።

ሁለተኛው ሊታወቅ የሚገባው ነገር የውጤቱ መዋዠቅ ነው። በእንዲህ ያለ ጨዋታ አንድ ብቁ ተጫዋች በ100 እጅ ውስጥ ከአማካይ ውጤቱ 80 ወይም 100 ትልቅ ብላይንድ ወደ ላይም ወደ ታችም ቢርቅ የተለመደ ነው። ከሁለቱ ብላይንዶች ትልቁ 3 ዶላር በሆነበት ጠረጴዛ ይህ 240 ወይም 300 ዶላር ማለት ሲሆን፣ 100 እጅ ደግሞ ከሦስት ሰዓት ጥቂት በለጥ የሚል ጊዜ ብቻ ነው። እንግዲህ የወሩ በጀት በአንድ ምሽት፣ ያለ አንዳች የአጨዋወት ጥፋት፣ ሊያልቅ ይችላል። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ምክር ቢያንስ ሃያ ጊዜ መቀመጥ የሚያስችል ገንዘብ ለብቻው ይኑር የሚል ነው፤ በ100 ዶላር ለሚቀመጥ 2,000፣ በ300 ለሚቀመጥ 6,000 ዶላር ይሆናል። ደመወዝ ኖሮት ለመዝናናት የሚጫወት ሰው ይህን ያህል ማስቀመጥ አይጠበቅበትም፤ የሚያስፈልገው የወሩን ድርሻ ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ከፍሎ፣ አንደኛው ሲያልቅ ተነስቶ መሄድ ነው። የባንክ ካርድን ቤት ትቶ መምጣት ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ዘዴ ነው፤ በካሲኖ ውስጥ ያሉ የገንዘብ ማውጫ ማሽኖች የሚጠይቁት ክፍያ ከፍተኛ ነው፤ የሚወጣውም ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ የታሰበ ነው።

በ100 ዶላር የተቀመጠ ሰው ያለው 33 ትልቅ ብላይንድ ነው፤ ይህ ቁጥር አጨዋወቱን በሙሉ ይወስናል። በእነዚህ ጠረጴዛዎች ፍሎፕ ከመከፈቱ በፊት አንድ ሰው ወደ 15 ዶላር ሲያሳድግ ሦስት አራት ሰው መከተሉ የዘወትር ነገር ነው። ፖቱ ወዲያው 60 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል፤ እጅ ላይ የቀረው 85 ነው፤ ከዚያ በኋላ ለረቀቀ ጨዋታ ቦታ የለም። ስለዚህ ትንንሽ ጥንዶችንና ተከታታይ ካርታዎችን መጣል ይገባል። ትንሽ ጥንድ ይዞ ሦስተኛውን ተመሳሳይ ካርታ በፍሎፕ ላይ የማግኘት ዕድል 12 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ለዚያ 15 ዶላር መክፈል በ85 ዶላር ቀሪ አያዋጣም። ትልልቅ ጥንዶችንና አስ ከኪንግ የመሳሰሉትን ጠብቆ፣ ሲመጡ በርከት አድርጎ አሳድጎ ተከታዮችን መቀነስ ይሻላል። ጥንድ አስ በዘፈቀደ ካርታ ከያዘ አንድ ተቃዋሚ ጋር እስከ መጨረሻው ቢሄድ 85 በመቶ ያህል ያሸንፋል፤ ከአራት ተቃዋሚ ጋር ግን ዕድሉ ወደ 56 በመቶ ይወርዳል። በእነዚህ ክፍሎች ደጋግሞ የሚሰማው «አስ ይዤ ተበላሁ» የሚለው ምሬት ምንጩ ይህ ነው፤ ጥፋቱ የአከፋፋዩም የዕድልም ሳይሆን አራት ሰው በርካሽ እንዲከተል የመፍቀድ ነው።

ሌሎቹን አማራጮች በአጭሩ ልጥቀስ። ገደብ ያለው ሆልደም፣ ለምሳሌ የ3 እና የ6 ወይም የ4 እና የ8 ዶላር ጠረጴዛ በተገኘ ጊዜ፣ ገንዘብን ቀስ ብሎ የሚያስኬድና ለጀማሪ የሚመች ጨዋታ ነው፤ ፖቶቹ ትንንሽ ስለሆኑ ግን ቆረጣው ይበልጥ ይከብዳል። በመግቢያ ዋጋ የሚደረጉ ትንንሽ ውድድሮች የሚጠፋውን ገንዘብ አስቀድመው ስለሚወስኑ፣ ራሱን መግታት ለሚቸግረው ሰው እኔ የምመርጥለት እነሱን ነው። ከመግቢያው ምን ያህሉ ለቤቱ እንደሚቀር በማስታወቂያው ላይ ማንበብ ያስፈልጋል፤ በርካሾቹ ውድድሮች ከአምስት አንዱን ያህል ሊሆን ይችላል።

ለኪራይ ወይም ለአገር ቤት ሐዋላ የታሰበ ገንዘብ ይዞ ለሚመጣ ሰው ይህን ጠረጴዛ አልመክርም፤ እንዲህ ያለ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው በሜሪላንድ ስሙን በፈቃዱ አስመዝግቦ ከካሲኖዎቹ ራሱን የሚያሳግድበት ሕጋዊ ሥርዓት አለ፤ በ1-800-426-2537 ደውሎ ማማከርም ይችላል። የወር በጀቱን ለይቶ ለሚጫወትና ካርታን ለሚወድ ሰው ግን ከአምስት አራት ኮከብ እሰጠዋለሁ፤ አንዱን የቀነስኩት በሬኩ ምክንያት ነው። የሚሻለው ጊዜ ዓርብ ወይም ቅዳሜ ምሽት ነው፤ ጠረጴዛው ለመዝናናት በመጡ ሰዎች ስለሚሞላ ፖቱ ከፍ ይላል፣ ቆረጣውም በዚያው ልክ ይቀላል። ረቡዕ ረፋድ ላይ የሚቀመጡት አብዛኛዎቹ በየቀኑ የሚመላለሱ ጥንቁቅ ተጫዋቾች ናቸው። ከሦስት ሰዓት በላይ መቆየት አያስፈልግም፤ ሲቀመጡም የክፍሉን የአባልነት ካርድ ማስመዝገብ ይገባል፤ በሰዓት 1 ወይም 2 ዶላር የሚያህል የምግብ ነጥብ ያጠራቅማልና።