አንጋፋ ተዋናይ ወይስ የከተማው አዛውንት?

በትንሽ ከተማ ስለሚኖሩ አዛውንቶች ፊልም ልትሠሩ ነው እንበል። ዋናውን ገጸ ባሕርይ ማን ይጫወት? የታወቀ አንጋፋ ተዋናይ ወይስ እዚያው ያረጀ፣ ካሜራ ፊት ቆሞ የማያውቅ ሰው?

ወጪ፦ አንጋፋው ክፍያው ከበድ ይላል፤ ስሙ ግን ተመልካች ይስባል። የከተማው ሰው ክፍያው ቀለል ይላል፣ ግን አንዱን ትዕይንት ደጋግሞ መቅረጽ ስለማይቀር ቀናችሁን ይበላል። (ርካሽ ነው ብሎ በነፃ ማሠራት ነውር ነው።)

ቅለት፦ ተዋናዩ ያሸንፋል። ብዙ አያከራክርም።

ውክልና፦ ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። ተዋናዩ ጎበጥ ብሎ መሄድን ያጠናል፤ ሰውየው ግን ከወንበር ሲነሳ መጀመሪያ እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ ነው የሚነሳው። ደግሞ ትንሽ ከተማ ሲባል ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስለናል እንጂ፣ ከሌላ አገር መጥታ እዚያው ያረጀች፣ በምልክት ቋንቋ የሚያወራ፣ ልጅ ያልወለደ ሁሉ አለ። እነሱን አጃቢ ብቻ ማድረግ ለእኔ ውክልና አይባልም።

ስጋት፦ ተዋናዩ ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል። ሰውየው ግን ጎረቤቶቹ መሀል ይቀራል፤ ስለዚህ የትኛው ገመናው ፊልም ውስጥ እንደሚገባ አስቀድሞ ይወቅ።

መቀላቀልም ይቻላል። እ.ኤ.አ. የ2013ቱ «ኔብራስካ» የተባለ ፊልም አንጋፋውን አሜሪካዊ ተዋናይ ብሩስ ደርንን ይዞ ተዋናይ ያልሆኑ የአካባቢ ሰዎችንም አሳትፏል፤ ደርንም በካን የፊልም ፌስቲቫል በምርጥ ተዋናይነት ተሸልሟል።

ረጅም ንግግርና የተጣበበ የቀረጻ ጊዜ ካለ ተዋናዩን ያዙ። ዝምታ የበዛበት ታሪክና ትዕግሥት ያለው ዳይሬክተር ካለ ደግሞ የከተማውን ሰው።